የኋላ ጎማ ራሴ ሳወርድ፦ ከካላማዳሪው የተማርኩት

የኋላ ጎማዬን ራሴ ነው የማወርደው፤ የምጠግነውም የምመልሰውም ራሴ ነኝ። ሞተር ሳይክሌ ቦክሰር 150 ነው፣ ባለ ዘንግ ቸርኬ፤ ከፊት 2.75-17፣ ከኋላ 3.00-17፣ ሁለቱም ካላማዳሪ፣ ማለትም ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ፣ ያላቸው። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ እጅ ሲለምድ ከ40 ደቂቃ አይዘልም። ጎሚስታ ጋ ከዚህ በፈጠነ ያልቃል፣ ያ እውነት ነው። እዚያ ግን ካላማዳሪው ተጠግኖ ገብቶ ነው የምታገኙት፤ ቀዳዳው የት እንደነበር፣ ምን እንደሚመስል አታዩም። እሱን ያላየ ሰው በሳምንቱ እዚያው ይመለሳል።

ቀዳዳው አምስት ዓይነት ነው። በመንገድ በኩል ባለው ጀርባ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ከሆነች ሚስማር ወይም ሽቦ ነው። እባብ የነከሰው የሚመስል ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ካያችሁ ሚስማር አትፈልጉ፤ ንፋሱ አንሶ ጎማው ከኮብልስቶን ጠርዝ ወይም ከጉድጓድ አፍ ጋር ሲጋጭ ካላማዳሪው በጎማና በቸርኬ መሃል ተቆንጥጧል። በቸርኬ በኩል ያለው ሆዱ ከተበሳ የዘንግ ጫፍ ነው፤ ዘንጎቹን የሚሸፍነው የላስቲክ መቀነት ወልቋል ወይም በስብሷል። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ ካላማዳሪውን ጎትቶታል፤ ይህም የንፋስ ማነስ ውጤት ነው። የመጨረሻው ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ቁራጭ ነው፤ እሱ የመንገድ ሳይሆን የሊቫ (የጎማ ማውጫው ብረት) ሥራ ነው፣ ማለትም የገጣሚው ጥፋት። እንግዲህ ከአምስቱ ሁለቱ የንፋስ፣ ሁለቱ የገጠማ ናቸው። ሚስማሩ የሚጠየቀው በአንዱ ብቻ ነው።

ሚስማር የለም ማለቴ አይደለም። ፒያሳ ሲፈርስ የቆርቆሮ ሚስማር መንገድ ዳር እንደ ቆሎ ተዘርቶ ነበር፤ ዛሬም ግንባታ ባለበት ሁሉ ዝናቡ እያጠበ ወደ ቦይ ጠርዝ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ መንዳት ይሻላል። የኋላ ጎማ ከፊቱ ይልቅ የሚበሳው ደግሞ የተኛውን ሚስማር የፊቱ ስለሚያስነሳው ነው። የቆመውን የኋላው ይውጠዋል።

ወደ ንፋሱ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። እኔ የምሞላው ከፊት 25 ነው፤ ከኋላ ብቻዬን ስሆን 28፣ ሰው ወይም የዕቃ ሳጥን ስጭን 32። ሁሉም በፒኤስአይ ነው። መለኪያው በባር ከሆነ 1.7፣ 1.9 እና 2.2 ገደማ ይሆናል። ለሌላ ሞተር ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ ያለው ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም፤ እሱን አንብበው የሚሞሉ ብዙ ናቸው። መለኪያ የራሳችሁ ይኑራችሁ፤ የአንዱ ማደያና የሌላው ጎሚስታ ንባብ በ3 እና በ4 ሲለያይ አይቻለሁ። የኪሷ ትንሽዬ እንኳ ብትሳሳት ሁልጊዜ እኩል ስለምትሳሳት ለማነጻጸር ትበቃለች።

የምትለኩት ጠዋት ነው፣ ሞተሩ ሳይነሳ። በሙቀት 10 ዲግሪ ልዩነት እዚህ አዲስ አበባ ከ1 ፒኤስአይ ትንሽ በለጥ ያለ ለውጥ ያመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋቱ ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት ላይ 28 ያለው ጎማ በማግስቱ ንጋት 26 ቢያሳይ ተበስቷል ብላችሁ አትደንግጡ። ወደ አዳማ ለሚወርድም እንዲሁ ነው፦ ከፍታው ሲቀንስ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው 1 ያህል ዝቅ ይላል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ያካክሰዋል። ምንም አትንኩ።

አሁን ማውረዱ። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቆማለሁ፤ ሥሩ ሰፊ ጣውላ ካልገባ ኮብልስቶን ላይ ይወላገዳል። ከመፍታቴ በፊት ቦኮላው (የጎማው መሃል ዘንግ ላይ የሚገባው የብረት ቀለበት) በየት በኩል እንዳለ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። መጀመሪያ የፍሬን ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ማስተካከያ ዳዶ እየቆጠርኩ እፈታለሁ፣ ሲመለስ በዚያው ዙር እንዲገባ። ቀጥሎ የፍሬን ሰሃኑን ከሞተሩ ጋር የሚያስረውን ክንድ አላቅቃለሁ፤ መቆለፊያ ሽቦውን ትንሽ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ መሬት ላይ ከወደቀ አይገኝም። ከዚያ የፔርኖው፣ ማለትም የጎማው መሃል ዘንግ፣ ዳዶ ይፈታል፣ ፔርኖው ይመዘዛል። የካቴና ማጥበቂያዎቹን አልነካም፤ እነሱ ካልተነኩ ጎማው በነበረበት መስመር ይመለሳል። የካቴናው ጥርስ በራሱ ዳዶ ለብቻው የሚታሰርበት ሞተር ከሆነ ካቴናው ባለበት ይቀራል፤ ካልሆነ ጎማውን ወደፊት ገፍታችሁ ካቴናውን ማውረድ ነው።

ጎማውን አስተኝቼ በመጀመሪያ ከቫልቩ ትይዩ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ይቺን ምልክት የሚያደርግ ጎሚስታ ብዙም አላየሁም፣ ግን የሥራው ግማሽ እሷ ናት። በኋላ የካላማዳሪው ቀዳዳ ከቫልቩ ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ለክታችሁ ያንኑ ርቀት ጎማው ላይ ስትለኩ ሚስማሩ እዚያው ይገኛል። ሳይነቀል የቀረ ሚስማር አዲስ የተጠገነ ካላማዳሪን 500 ሜትር ሳይሄድ ይበሳዋል፤ ሰው ግን «ጥገናው አልያዘም» ይላል።

የቫልቩን መርፌ ፈትቼ ንፋሱን ጨርሼ አወጣለሁ። የጎማው ከንፈር ቸርኬው ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለ መዶሻ አላነሳም፤ የሌላ ሞተር የጎን ማቆሚያ ከንፈሩ አጠገብ አስደግፎ ሞተሩን በዚያ ላይ ቀስ ብሎ ማዘንበል ይበቃል። ሊቫ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት፣ 30 ሳንቲ ገደማ ርዝመት ያለው፣ ጫፉ የተሞረደ ይሁን። ቸርኬው መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። በሊቫ የምታነሱት ከንፈር የሚወጣላችሁ በተቃራኒው በኩል ያለው ከንፈር እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። በጉልበታችሁ ተጫኑት። ኃይል እየጠየቀ ከሆነ አቁሙ፤ ችግሩ ጉልበት ሳይሆን ያኛው ወገን ከጎድጓዳው ወጥቶ ነው። ከቫልቩ አጠገብ ጀምሩ፣ በየ5 ሳንቲው እየነከሳችሁ ሂዱ። ማለስለሻው የሳሙና ውሃ ነው። ቤንዚን ወይም የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ላስቲኩን ያበላሻል።

ለጥገናው ትዕግሥት ያስፈልጋል። ካላማዳሪውን ጥቂት ነፍታችሁ ውሃ ውስጥ አዙሩት፣ አረፋው የሚወጣበትን በእስክሪብቶ አክብቡ፤ አንድ ካገኛችሁ በኋላም ዙሪያውን ጨርሱ፣ ሁለተኛ ይኖራልና። ከዚያ ንፋሱን አውጡ። በብርጭቆ ወረቀት ከጥጋኙ ስፋት ትንሽ አስፍታችሁ እስኪደበዝዝ ፈግፍጉት፤ የሚያብረቀርቅ ቦታ ከቀረ ማስቲሹ አይዝም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ በጣት አትንኩት። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ተዉት። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚቸኩለው። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ጥጋኝ ሥሩ ፈሳሽ ስለሚቀር ጎማው ሲሞቅ ይንሸራተታል። 5 ደቂቃ ያህል፣ በጣት ጀርባ ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ነው። ከመሃል ወደ ዳር በሊቫው ጀርባ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ ላዩ ላይ ታልክ ፓውደር ነስንሱ። ቫልቩ ሥር የተቀደደውን ግን አትጠግኑ፣ አይይዝም። አዲስ ካላማዳሪ ግዙ።

ካላማዳሪው ከመመለሱ በፊት የጎማውን ውስጥ በአሮጌ የናይሎን ካልሲ ዙሪያውን እጠርጋለሁ። እጅ የማያገኛትን ቀጭን ሽቦ ናይሎኑ ይይዛታል፣ ጣትም አይቆረጥም። መቀነቱን አስተካክሉ፣ ብቅ ያለ የዘንግ ጫፍ ካለ በሞረድ አውርዱት።

ሲገባ ካላማዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ይነፋ። ጎማው ላይ ቀስት ካለ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን። ከንፈሩን ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ ቫልቩ ጋ ጨርሱ፤ የመጨረሻዋን ከማስገባታችሁ በፊት ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፣ ካላማዳሪው ከከንፈሩ ሥር እንዳይቀር። የመጨረሻዎቹን 15 ሳንቲ በሊቫ ሳይሆን በመዳፍ መጨረስ ከቻላችሁ ግማሽ ጨረቃዋን አታዩአትም። እስከ 40 ንፉ፣ ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ሳታልፉ፤ ጎኑ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ዙሪያውን እኩል መራቋን አረጋግጡ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱና እንደገና 28 ላይ አቁሙት። ይህ ድግግሞሽ የታጠፈ ካላማዳሪን ይዘረጋል።

የቫልቩን ትንሽ ዳዶ ቸርኬው ላይ አታጥብቁት። ወደ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር አምጥታችሁ አቁሙት። ጎማው ቢንሸራተት ቫልቩ ያዘነብላል፣ ጠዋት ስትወጡ በዓይን ታዩታላችሁ፤ ከታች ከታሰረ ግን ሳይታይ ሥሩ ይቀደዳል። መርፌው ላይ ምራቅ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ መርፌው ነው የሚያስተነፍሰው፣ ካላማዳሪው ንጹሕ ነው።

ፔርኖው ሲገባ ልብ የምትሉት የፍሬኑን ክንድ ነው። እሱን ሳያስር የተነሳ ሰው ፍሬን ሲይዝ ሰሃኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ የፍሬን ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። መቆለፊያ ሽቦውም አሮጌ ከሆነ በአዲስ ይተካ። የፍሬኑ ፔዳል ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ልቅ ይሁን፣ ካቴናውም መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 3 ሳንቲ ገደማ ይጫወት፤ ሰው ተቀምጦበት ሳይሆን ባዶውን።

አዲስ ጎማ መግዛት ሲመጣ መርካቶ ጎማ ተራ ስትሄዱ ቀድማችሁ አራቱን አሃዝ ፈልጉ። ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያለው 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዘመኑ የፈረንጅ ነው፤ እስከ 36ኛው ሳምንት ከሆነ 8 ቀንሱ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 7። ስለዚህ ያ ጎማ የ2011 ነው፣ ቢያብረቀርቅም አዲስ አይደለም። ጥርሱን ገልበጥ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ፣ ስንጥቅ ካለ ተዉት። ጥርሱ በስለት ታድሶ የተቀረጸም ያጋጥማል፤ በቦዮቹ ወለል ላይ መሆን ያለበት የመጨረሻ ምልክት ጉብታ ከሌለ ወይም ከተቆረጠ ያ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ቦታው በረባሶ ነው እንጂ ሞተር ሥር አይደለም። ዕቃ ለምታደርሱ ደግሞ ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር አለ፦ 47 ከሆነ 175 ኪሎ፣ 50 ከሆነ 190 ኪሎ ይሸከማል። አዲሱ ጎማ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያንሸራትታል፣ በተለይ ሲታጠፍ።

ክረምት ላይ «ንፋስ ቀንስ፣ መንገድ ይይዝልሃል» የሚል ምክር አይጠፋም። ጭቃ ላይ ልክ ነው፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ቦዮቹ ስለሚጨፈለቁ ውሃውን አያስወጣም። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቸርችልን ስወርድ የምጠነቀቀው ለዜብራው ቀለም፣ ለብረት ክዳኖቹና ታክሲ ለሚቆምባቸው ቦታዎች ነው፣ ዘይቱ እዚያ ነው ያለው። በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ትቼ ፍሬኑን ቀጥ ባልኩበት እጨርሳለሁ። ፍሬኑ ውሃ ከገባበት እየነዳችሁ ለጥቂት ሜትር ቀለል አድርጋችሁ ያዙት፣ ይደርቃል።

ከወንበሩ ሥር ሁለት ሊቫ፣ ጥጋኝ፣ ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የቫልቭ መርፌ፣ ትንሽ ፖምፓና የፔርኖው ቺያቤ አሉ። ማስቲሹ አንዴ ከተከፈተ በወራት ውስጥ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል፤ እኔ ያልተከፈተ አንድ ተጨማሪ ይዤ እዞራለሁ።