ወረቀት ያጠረው ፈተና

ዛሬ ከሥራ መልስ የቻይናው መሪ ማኦ ዜዱንግ ስለቀሰቀሱት የፖለቲካ ዘመቻ፣ ስለ ባህል አብዮት፣ ሳነብ አመሸሁ። ልቤን የያዘው እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። ፈተናው በ1966 ተቋርጦ፣ ሚሊዮኖች የከተማ ወጣቶች ከገበሬው እንዲማሩ ተብለው ወደ ገጠር ተልከው ነበር። ማኦ በሞቱ በዓመቱ ከፍተኛ ባለሥልጣኑ ዴንግ ሺያዎፒንግ ፈተናው ይመለስ አሉ። 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈተነ። ወረቀት ቢያጥር ለማኦ ጽሑፎች ማተሚያ የተቀመጠው ለፈተናው ዋለ (ከዚህ የባሰ ምጸት ከየት ይመጣል!)። እኔን ያንገበገበኝ ግን እጁ በዶማ የሻከረ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው አባወራ ከጎረምሳ ጎን ተቀምጦ የረሳውን አልጀብራ ሲታገል ማሰቡ ነው። ያለፉት 270 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል። የወደቁት ከአምስት ሚሊዮን ይበልጣሉ። የእነርሱን ታሪክ የጻፈ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።