የትኛው ሠላሳ ደቂቃ?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም በማይርቅ ኮንዶሚኒየም ምድር ወለል ላይ በነበረችው ቢሯችን ስሠራ፣ በአካባቢው ላለ አንድ መሥሪያ ቤት የማመልከቻ መቀበያ ሥርዓት አዘጋጅተን ነበር። ሰነዱ ስካን ተደርጎ በጊዜያዊ ፎልደር ይቀመጣል፤ ቅጹ ተሞልቶ ሲላክ ወደ ቋሚው ይዛወራል። ሳይላክ የቀረ እንደሆነ፣ ሴሽኑ (ሰርቨሩ ተጠቃሚውን የሚያስታውስበት ቆይታ) ሲያልቅ ፋይሎቹም አብረው እንዲሰረዙ አድርገናል። ሥርዓቱ በጃቫ የተጻፈ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ላይ የሚያስኬደው ቶምካት የተባለው ፕሮግራም፣ ለ30 ደቂቃ ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ምንም ጥያቄ ያልመጣበትን ሴሽን በዘጋ ቁጥር የማጽጃ ኮዳችንን ይጠራል።

በሙከራ ጊዜ እንከን አልተገኘበትም። ሰርቨሩ ግን የተቀመጠው እዚያው መሥሪያ ቤት ነበር፤ የዩፒኤሱ ባትሪ በመድከሙም መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ድርግም ይላል። ቶምካት በእንዲህ ያለ አኳኋን ሲቋረጥ ሜሞሪ ላይ የያዛቸው ሴሽኖች በወጉ ሳይዘጉ ይጠፋሉ፤ ስላልተዘጉም የማጽጃው ኮድ አይጠራም፤ ፋይሎቹ ግን ዲስክ ላይ ስለሆኑ ያለ ባለቤት ይቀራሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዲስኩ ሞልቶ ዳታቤዙ መጻፍ አቃተው።

መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሴሽኑ የሚቆየው 30 ደቂቃ ከሆነ፣ በጊዜያዊው ፎልደር ከተጻፈ 30 ደቂቃ ያለፈው ፋይል ሁሉ ባለቤት የለውም ብዬ፣ ትእዛዝን በተወሰነለት ሰዓት በራሱ በሚያስኬደው በሊነክሱ ክሮን ላይ በየአሥር ደቂቃው የሚሠራ የአንድ መስመር የስረዛ ትእዛዝ አስገባሁ። ዲስኩ ወዲያው ተነፈሰ፤ በማግስቱ ከመዝገብ ቤት ስልክ ተደወለ።

«ልጄ፣ ጠዋት ያስገባሁት የካርታ ቅጂ የለም። ቅጹ ግን እንዳለ ነው።»

«እትዬ፣ ምናልባት ለሻይ ወጥተው ሴሽኑ አልቆብዎት ይሆናል።»

«ኧረ እኔ ከወንበሬ መች ተነሣሁ!»

እውነታቸውን ነበር። እርሳቸው ቅጹን ገጽ በገጽ ሲሞሉ፣ ባለጉዳዩን ሲጠይቁ፣ የሚቀጥለውን ሲጫኑ፣ የሴሽኑ ሠላሳ ደቂቃ በእያንዳንዱ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ሰዓታት ቢያልፉም ሴሽኑ አይዘጋም። የፋይሉ ሠላሳ ደቂቃ ግን ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ ይቆጠራል፤ ሴትየዋ ቅጹ ላይ መሆናቸውን ፋይሉ አያውቅም፣ የእኔ ትእዛዝም አልጠየቀም። በፍጥነት የሞላ ሁሉ ተርፏል፤ በጥንቃቄ የሞላ ተጎዳ። ይህ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ቁጥሩ በሁለቱም ቦታ አንድ በመሆኑ የሚለካው ነገርም አንድ መስሎኝ ነበርና።

ትእዛዙን ወዲያው አቆምኩት። ከዚያም ለእያንዳንዱ ማመልከቻ የራሱን መለያ ሰጥተን ፎልደሩን በእርሱ ሰየምን፤ ቶምካት ተጠቃሚው ሲገባ የሴሽኑን መለያ ስለሚቀይር በሴሽኑ ስም መሰየም አያስተማምንም። በእያንዳንዱ ጥያቄ የመጨረሻውን የአገልግሎት ሰዓት ዳታቤዝ ውስጥ እንመዘግባለን፤ ማጽጃውም የሚያየው ይህንን እንጂ የፋይሉን ዕድሜ አይደለም። ሴሽን ሲዘጋ የሚጠራው ኮድ አልተነሣም፤ የተለመደውን ቀን እርሱ ይሸፍናል፣ መብራት የሄደበትን ቀን ደግሞ ማጽጃው። ፎልደሩም ወዲያው አይሰረዝም፤ ለአንድ ቀን ሌላ ቦታ ይቆያል። ቦታ ያባክናል ያለ ባልደረባ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ስልክ ወዲህ ስለ ቦታ ብዙ አልከራከርም።

የተሰረዙትን ሰነዶች ማስመለስ አልተቻለም። ባለጉዳዮቹ በስልክ ተጠርተው ዋናውን ይዘው እንዲመጡ ተደረገ። አንዱ ከገላን በሁለት ታክሲ የመጡ አዛውንት ነበሩ፤ ካርታቸው ዳግም ስካን ሲደረግ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር።