ሎካል ላይ የተረሳው ቁልፍ

ዛሬ ገላን አካባቢ ያለ ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) ዋልኩ። ጠዋት አንድ የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ትሪፕ አድርጎ (በራሱ ተቆርጦ) ነበር። መስመሩ ተፈተሸ፣ ሽቦው ላይ የወደቀው የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ተነሳ፣ ግን ከኮምፒውተሩ ክሎዝ (ግባ) ብንለው ብሬከሩ፣ መስመሩን የሚያስገባውና የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ፣ እምቢ አለ። ሄጄ ሬሌውን፣ መስመሩን የሚጠብቀውንና ብሬከሩን የሚያዘውን መሣሪያ፣ ሳየው ለካ ትናንት የሠራው ሰው ሎካል ላይ ትቶት ሄዷል!

ሎካል ላይ ሲሆን ከሩቅ የሚላክለትን ትዕዛዝ አይቀበልም። የሚሰማው ፊቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቁልፎች ነው፤ ጭረት ያለባት ታስገባለች፣ ክብ ያለባት ታወጣለች። ጥበቃው ግን ሎካልም ሆነ ሪሞት ሥራው ላይ ነው፣ ፎልት (የመስመር ብልሽት) ካየ ብሬከሩን ይጥላል። ይሄን ለአዲሶቹ ልጆች ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ሎካል ማለት ሬሌው ተኝቷል ማለት የሚመስላቸው አሉ፣ ይሄ ደግሞ ሰው ያስገድላል።

የትሪፕ መብራቷ ገና ቀይ ነበረች። አንዱ ልጅ ሪሴት አድርጎ ሊያጠፋት እጁን ሲሰድ ያዝኩት። ቆይ፣ መጀመሪያ ይነበባል! የትኛው ፌዝ (ከሦስቱ ሽቦዎች የትኛው)፣ ስንት አምፔር፣ በስንት ሰዓት። ጻፍን። መስመሩ ላይ ሰው አለመኖሩን በስልክ ሁለቴ ጠየቅኩ። ከዚያ ጭረቷን ተጫንኩ።

ብሬከሩ ጓ ብሎ ገባ። ቁልፉን ወደ ሪሞት መልሼ ስወጣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ማጉረምረም ጀምሯል።