አራት ትንንሽ ፕሪዝሞች

ዛሬ ስንጠብቃቸው የከረምናቸው ፕሪዝሞች፣ ማለትም ብርሃን የሚያጥፉና የሚመልሱ ባለሦስት ማዕዘን የመስታወት ቁራጮች፣ ገቡ። ጎናቸው 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንዷን መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት የሽሮ ክክ ታክላለች።

ለላብራቶሪያችን የሚሆነው ልክ ተሠርቶ የተቀመጠ አልነበረም። ማሠራት ግድ ሆነ። መጀመሪያ የጠየቅነው አምራች "ከ50 ፍሬ በታች አንሠራም" አለን። እኛ የምንፈልገው አራት! ሁለተኛው እሺ አለ፣ ግን ሥዕላችንን መልሶ ላከው። ማዕዘኑን 45 ዲግሪ ብለን ጽፈናል፤ ስንት ስህተት እንደሚፈቀድ ግን አልጻፍንም። ለካ ዋጋውን የሚሰቅለው እሱ ነው። የዲግሪ 60ኛ ክፍልፋይ ደቂቃ ይባላል። ለኛ ሥራ 3 ደቂቃ ይበቃል ብለን ጻፍን፣ ዋጋው ወረደ። ጠርዙም እንዳይሸረፍ ለስለስ ተደርጎ እንዲሞረድ ጨመርን። እንዲህ ያለውን የሚያዝ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቢጽፍ ብዙ ቀን ይተርፈዋል።

ከሰዓት በኋላ አንዷን በመስኮቱ ብርሃን አየናት። መስታወቱ ቢኬ7 የሚባለው የሌንስና የፕሪዝም መስታወት ነው፤ ብርሃን የማጠፍ አቅሙ 1.517 ገደማ። ብርሃኑ ከውስጥ ገጹን የሚመታበት ማዕዘን ከ41 ዲግሪ ትንሽ ካለፈ ወደ አየር አይወጣም፣ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ሰፊውን ገጽ የሚመታው በ45 ዲግሪ ስለሆነ ገጹ ምንም ሳይቀባ እንደ ብር ያበራል።

ከተማሪዎቼ አንዷን "እስኪ የፕሪዝሟን ሰፊ ገጽ ከጀርባ ንኪው" አልኳት። ጣቷን ጫን ስታደርግ ብሩ ላይ የጣቷ አሻራ መስመር በመስመር ወጣ። ቆዳው የነካበት ቦታ ብርሃኑ አምልጧል። ዝም ብላ ደጋግማ ነካካችው። እኔም ላስቆማት አልፈለግኩም።

በአልኮልና በሌንስ ወረቀት ጠርገን ወደ ሳጥኗ መለስናት። ነገ የቀሩትን ሦስቱን እንለካለን።