በረኪና በረኪና የሚሸት ዜሮ

ኢንተርንሺፕ የት እንደምትወጡ የሚወስነው ዲፓርትመንታችሁ አይደለም። አክስታችሁ ናት። የማን ዘመድ፣ የት ከተማ፣ ትርፍ ፍራሽ አለው? ጥያቄው ይኸው ነው። እኔም ሀዋሳን ያገኘሁት እንደዚህ ነው። አክስቴ አቶቴ ትኖራለች፤ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ስለገባ አንድ አልጋ ባዶውን ነበር። አለቀ።

የምማረው ኬሚስትሪ ነው፣ ሌላ ከተማ። ሦስተኛ ዓመት ስንጨርስ ክረምቱን መሥሪያ ቤት ገብተን ሁለት ወር መሥራት ግዴታችን ነው። ክሬዲት አለው። ሎግቡክ ይሞላል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ዲፌንስ ይቀርባል። አበል የሚባል ነገር የለም። ባጃጁ ከራስ ኪስ፣ ምሳው ከአክስት ጓዳ።

የኬሚስትሪ ልጅ ሀዋሳ ሲመጣ መጀመሪያ ልቡ የሚሄደው በ2008 ዓ.ም. ወደተመረቀው የልብስና ጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። እኔ የጓጓሁት ግን ለልብሱ አልነበረም፤ ለፍሳሹ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሐይቁ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። የገባው እዚያው ነው። ስለዚህ ፓርኩ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ እያጣራ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ውጭ እንዳይለቀው ተደርጎ ነው የታቀደው። ይህን ክላስ ውስጥ በምሳሌነት ተምረነው ስለነበር በዓይኔ ማየት አማረኝ። አልሆነም።

የድጋፍ ደብዳቤዬን ይዤ ሦስት ቦታ ዞርኩ። አንዱ ጋ ቦታ ሞልቷል አሉኝ። ሁለተኛው ጋ ደብዳቤው ላይ ቲተር የለበትም ተብዬ ተመለስኩ። ፊርማ አለ፣ ማህተም አለ፣ ቲተር የለም። ለአንዲት ቲተር ስል ሙሉ ቀን መኪና ላይ ዋልኩ። ቲተር ይዤ ስመለስ ኃላፊው ስልጠና ሄደዋል። ሦስተኛው ግን ተቀበለኝ። የመጠጥ ውሃ የሚመረምር ትንሽ ላብራቶሪ ነው። የማን እንደሆነ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ተኩል የተማርኩት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ በየት በኩል እንደሚመታ ነው። ከሌላ ግቢ የመጣ ልጅ አብሮኝ ነበር። እሱ በሦስተኛው ቀን ገባውና ቀረ። መጨረሻ ላይ ብቅ አለ። የሁለት ወሩን ሎግቡክ ቁጭ ብሎ በአንድ ከሰዓት ሞላው። ሦስት እስክሪብቶ እየቀያየረ፣ ቀኑ የተለያየ እንዲመስል። አስፈረመና ሄደ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት።

እኔን ያተረፉኝ የላቧ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፣ እትዬ ልበላቸው። ዲግሪ የላቸውም። በዲፕሎማ ገብተው 20 ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒው ጋ ቆሜ አዩኝና «ኬሚስትሪ ነው አይደል የምትማሪው? ነይ» አሉኝ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋዋን ለበስኩ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ፒኤች መለኪያ ጠዋት ጠዋት በ4፣ በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሾች ማስተካከል። ድፍርስነት መለካት። ከሁሉ በላይ ግን ክሎሪን ነው። 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ቱቦ ውስጥ ታደርጋላችሁ፣ ዲ.ፒ.ዲ. የምትባል ትንሽ ክኒን ትጨምራላችሁ። በጣት አትነካም። በእንጨቷ ጨፍለቅ አድርጋችሁ ትነቀንቃላችሁ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። በበዛ ቁጥር ሮዝነቱ ይደምቃል። ከሌለ እንደነጣ ይቀራል። ከቧንቧ በሚመጣ ናሙና ላይ እኛ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ነበር የምንጠብቀው። ውሃው መንገድ ላይ ጀርም ቢያገኘው የሚከላከልለት ያቺ የተረፈችው ክሎሪን ናት።

አሁን ወደ ኃጢአቴ።

የሐምሌ ገብርኤል ማግስት ነበር። ሐምሌ 19 ሀዋሳ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። አክስቴ ቤት ሳሎን ወለል ላይ አምስት ሰው ተደርድሮ አድሯል፣ እኔም ከነሱ አንዷ ነበርኩ፤ አልጋዬን ለባልቴት ለቅቄ። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ ሳይዞር ሥራ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አራት ናሙና። አንዱ ታጥቦ በክሎሪን ከተዘፈዘፈ ማጠራቀሚያ የመጣ ነው፣ ማጠራቀሚያው ገና ለሰው አልተለቀቀም።

ሦስቱ ቱቦዎች ሮዝ ሆኑ። አራተኛው ሮዝ ብልጭ አለና ጠፋ። ነጭ። ዓይኔ መሰለኝ። እንደገና ነቀነቅኩት። ነጭ።

ያኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? በክሎሪን የታጠበ ማጠራቀሚያ ዜሮ ሊያወጣ አይችልም። እንግዲያው ክኒኗ ተበላሽታ ነው። ሊሆን የሚገባው ስንት ነው? 0.5። መዝገቡ ላይ 0.5 ብዬ ጻፍኩ።

እጄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። ለምን ይንቀጠቀጣል? ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት የሠራሁት ይኸንኑ ነው። ቲትሬሽን ላይ፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ እየጨመርን ስንለካ፣ ስንት ሚሊ ሊትር መውጣት እንዳለበት ከሲኒየሮች ሪፖርት እናውቃለን። የእኛ ቁጥር ከራቀ ከመልሱ ተነስተን ወደ ኋላ እንሠራዋለን። ትንሽ ስህተት እንጨምርበታለን፣ በጣም እንዳያምር። መምህሩም መልሱን ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፣ መለኪያ ቱቦው ቢሬትም ሳያውቅ አይቀርም።

እትዬ መዝገቡን አዩ። ቱቦዎቹን አዩ።

«ይሄ 0.5 የቱ ነው?»

ጠቆምኳቸው።

«ይሄማ ነጭ ነው።»

ዝም።

«አሸተትሽው?»

ውሃ ማሽተት ማን አስተምሮን! የናሙናውን ጠርሙስ ከፍተው አፍንጫዬ ስር ያዙልኝ። በረኪና። ነጠላ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ላይ ያጎነበስኩ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ምንም ሳይሉ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ቀዱ። 9 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ጨመሩበት። ክኒን። ነቅነቅ። ቱቦው ቦግ ብሎ ሮዝ ሆነ። 1.4። በአስር ስታባዙት 14። ያ «ዜሮ» ያልኩት ውሃ 14 ሚሊግራም ክሎሪን ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎሪን ከልክ ሲያልፍ ቀለሙን ራሱን ይበላዋል። በረኪና ልብስ ላይ የሚያደርገውን ክኒኗ ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ ምንም የሌለውም፣ ከመጠን በላይ ያለውም ያው ነጭ ናቸው። ይህ ማስታወሻዬ ላይ አልነበረም ብል ውሸት ነው። ኖሮ ይሆናል። በአፍንጫዬ ግን አልነበረም።

እትዬ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ዜሮ ብለሽ ብትጽፊ ሌላ ክሎሪን ይጨምሩበት ነበር። 0.5 ስትዪ ደግሞ ለሰው ይለቁታል» አሉኝ። ማጥፊያ ፈሳሽ ላነሳ ስል እጄን ያዙት። «አታጥፊው። አንድ መስመር አድርጊበት፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ጻፊ፣ ፈርሚ።» ፈረምኩ። መዝገቡ ላይ አሁንም አለች፣ መስመር የተሰመረባት 0.5፣ ከነፊርማዬ። ላብራቶሪውን ስም የማልጠራው ለዚህ ነው።

ሪፖርቱ 30 ገጽ ወጣው። ከዚያ ውስጥ ስምንቱ የድርጅቱ ታሪክ፣ ራዕይና ተልዕኮ ነው። ቅርጹ ስለሚያዝ። «ያጋጠሙ ችግሮች» ለሚለው ግማሽ ገጽ ተሰጥቶናል፣ ሁሉም ሰው የትራንስፖርት ችግር ብሎ ነው የሚሞላው። በእኔ እምነት ቢገለበጥ ይሻል ነበር፤ ራዕዩ ግማሽ ገጽ፣ ችግሩ ስምንት። የ14ቷን ታሪክ እዚያች ግማሽ ገጽ ላይ አጨናንቄ ጻፍኳት። ዲፌንስ ላይ ማንም አልጠየቀኝም። የገጽ ቁጥሩ ከመሃል ይሁን ከጎን የሚል አስተያየት ግን ተሰጥቶኛል።

ሪፖርቱ ውስጥ ያላስገባሁት አንድ ናሙና አለ። ሕጋዊ አልነበረምና።

አባዬ ያደገው ወንጂ ነው። ጥርሱ ቡኒ ነው። ሲስቅ ከንፈሩን ይከድናል፤ ልጅ ሆኜ ኩራት ይመስለኝ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ እየሟሟ ስለሚገባ። ወንጂ ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። ላቧ ፍሎራይድም እንደምትለካ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና፣ አጎቴ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ማስቆፈሩን አነሳ። መቂ አካባቢ ነው፣ ለአትክልት ብሎ የቆፈረው። አሁን ይጠጡታል።

«በሃይላንድ ላክልኝ» አልኩት። «በራሱ በውሃው ሦስቴ አለቅልቀህ ሙላው።» ለፍሎራይድ ከጠርሙስ ይልቅ ፕላስቲክ ነው የሚመረጠው፣ ለአንዴ እንኳ ድህነታችን ከስታንዳርዱ ጋር ገጠመ። ሃይላንዱን ለሚኒባስ ረዳት ሰጥቶ ሰደደልኝ። ረዳቱ መናኸሪያ ሲያስረክበኝ «ጠበል ነው?» አለኝ።

እትዬ ከሥራ ሰዓት ውጭ ፈቀዱልኝ። ይሄኛው ምርመራ ከክሎሪኑ ተቃራኒ ነው። ቀዩን ፈሳሽ ትጨምሩበታላችሁ፣ ፍሎራይድ በበዛ ቁጥር ቅላቱ እየሳሳ ይሄዳል። መሣሪያው እስከ 2 ብቻ ነው የሚያነበው። የእኛ ውሃ ከዚያ አለፈ። ማንም ሳይነግረኝ በእኩል መጠን የተጣራ ውሃ ቀላቀልኩት። 1.55። ሁለት ጊዜ 3.1። ደገምኩት፣ 3.0። ደገምኩት፣ 3.1። ሦስቱንም ጻፍኩ።

ደወልኩለት።

«3.1 ነው አባዬ።»

«ብዙ ነው?»

«የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 አይለፍ ይላል።»

«አፍልተው ቢጠጡትስ?»

«ይብሳል። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል።»

«እሺ። ታዲያ ምን ይጠጡ?»

ይህን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ስልኩን እንደያዝኩ ዞር ብዬ እትዬን አየኋቸው። ቱቦ እያጠቡ ነበር። «ከስምንት ዓመት በታች ስንት ልጅ አለ? ጠይቂው» አሉኝ። ጥርስ የሚበላሸው ገና ከድድ ሥር ሲሠራ ነውና።

«ሁለት» አለ አባዬ። «ትንሿ ገና ማብቀሏ ነው።»

«ክረምት አይደል?» አሉ እትዬ እጃቸውን እየጠረጉ። «ለነሱ ለብቻ የቆርቆሮውን ውሃ ያጠራቅሙላቸው። ዝናብ ፍሎራይድ የለበትም። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣራውን ይጠብበት፣ ከዚያ ይያዙ። እሱን ያፍሉት።»

ቃል በቃል ነገርኩት።

«እሱን ግን ያፍሉት?» አለኝ።

«እሱን ያፍሉት፣ አባዬ።»