ሌሊት ውድ ነው

በጥቂት ብር አስፈሪ ፊልም ለመሥራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ካሜራ ነው። ለአሥር ደቂቃ ፊልም ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል። በጀቱን የሚበላው ሌሊቱ ነው። ሲመሽ ባጃጅ ዋጋ ይጨምራል፣ ተዋናዩ እራትም ወደ ቤት የሚያደርሰውም ይፈልጋል፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ የሚናገረውን ይረሳል። ስለዚህ ስክሪፕት ላይ «ሌሊት» የሚል ሲን በመጣ ቁጥር፣ የግድ በሌሊት መቀረጽ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜ የለበትም።

የቤት ውስጡ ቀላል ነው። መስኮቱን ከውጭ በኩል በድርብ ጥቁር ላስቲክ መሸፈን፣ የበሩን ሥር በጨርቅ መድፈን፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ከውጭ የሚሸፈነው መጋረጃውና መስታወቱ ምስሉ ውስጥ እንዲገቡ ነው። መብራት አንድ ፓውዛ ይበቃል፤ ተዋናዩ ላይ ሳይሆን ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደተወጠረ አንሶላ ይዙር።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ጨለማን በጨለማ ሊቀርጽ ይሞክራል። ስልኩ ብርሃን ሲያጣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ይሰቅላል፣ ጥቁሩ ቦታ ሁሉ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ይሞላዋል፣ ኤዲቲንግ ላይም በደንብ አይጸዳም። አይኤስኦ ከ800 ሳያልፍ ደመቅ አድርጎ ቀርጾ፣ ኋላ ማጨለም ይሻላል። ሹተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ይቆለፍ። ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ከዚያ ጋር በማይገጥም ፍጥነት ሲቀረጽ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ምስሉ ላይ ጥላ መሰል መስመር ያስሮጣል።

የብርሃን ጨረር እንዲታይ ጭስ ያስፈልጋል፤ እጣን ደግሞ በየቤቱ አለ። ግን መስኮቱ በላስቲክ የታፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ እጣኑም ያዘናጋል። ከሰሉ ውጭ ይያያዝ፣ እጣኑ ይጨመርበት፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ገብቶ ይውጣ። በየሾቱ መሃል በሩ ይከፈት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የውጭ ሲን ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፀሐይን ጨረቃ ማድረግ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከተዋናዩ ጀርባ ትሁን፣ ምስሉ ሰማያዊ እንዲሆን ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) 3200 ኬልቪን ላይ ይደረግ፣ ኤክስፖዠሩ (የሚገባው ብርሃን) ሁለት ስቶፕ፣ ማለትም ወደ ሩብ፣ ይውረድ፣ ሰማይ ከምስሉ ይውጣ። ተዋናዩ ባትሪ ወይም ፋኖስ ከያዘ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ በፀሐይ ብርሃን የባትሪው መብራት አይታይም፣ ተመልካቹም ወዲያው ይነቃል። ሁለተኛው መንገድ ምሽቱን መሻማት ነው። ሀዋሳ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሰማያዊው ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። አራት ሾት ቢወጣ ነው፤ ልምምዱ አሥር ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት።

ሐይቁ ዳር በሌሊት መቀረጽ ግን አይታሰብም። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ይልቅስ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ መሄድ ነው፤ አባ ኮዳው በነፃ የተገኘ ጭራቅ ነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ራሰ በራ ወፍ ዓሣ እየጠበቀ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። ድምፁ ብርቅ ስለሆነ ምንቃሩን ሲያንቋቋ ከተገኘ መቅዳት ይገባል።

ደም የመጨረሻው ቀን ሥራ ይሁን፤ ልብስ አንዴ ከነካ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ግማሽ ማንኪያ ካካዎ። ሮዝ ከመሰለ ካካዎ ይጨመር፣ ብርቱካናማ ከመሰለ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ። የሚፈተነውም በሚቀረጽበት መብራት ሥር ነው። ቀይ ሥር ይቅር፤ ወይን ጠጅ መስሎ ይቀራል። ቆዳ ላይ ቀድሞ ቫዝሊን ይቀባ፣ ስኳር ስላለውም ጉንዳን እንዳይመጣ ይጠበቅ። ደም የተቀባ ሰው ግቢውን ለቆ አይውጣ፤ ጎረቤትና ቀበሌም አስቀድመው ይወቁ፣ አለዚያ ፖሊስ ይጠራል።

ድምፅ ላይ ትልቁ ጠላት ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዝናብ ከጀመረ የተቀዳው ንግግር አይረባም፤ በክረምት የንግግር ሲኖች ጠዋት ተቀርጸው ይለቁ። ከየክፍሉ የባዶ ክፍል ድምፅ አንድ ደቂቃ ይቀዳ፤ ኤዲቲንግ ላይ ንግግር ሲቆራረጥ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው። የአጥንት ስብራት ድምፅ የሚወጣው ካሮት ሲሰበር ነው፣ የሥጋ መቀደድ ደግሞ ቀጭን ሊጥ በእጅ ሲታሽ።

ጩኸትም ቢሆን በሌሊት ሰፈር መቀስቀስ አያስፈልገውም። ተዋናይዋ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ፤ ድምፁ ቀን፣ በቆመ መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ተዘርግቶ ይቀዳል። ማይኩ አንድ ክንድ ይራቅ፣ የመቅጃው መጠን ይቀነስ፤ ከልክ ያለፈ ጩኸት ተሰንጥቆ ይቀዳል፣ ያ ደግሞ በኋላ አይጠገንም።