«አይገናኝም» እና «ሊገናኝ አይችልም»

ያን ጊዜ ቀን ቀን በአንድ የሕግ አማካሪ ድርጅት ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የኢኮኖሚ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ከደንበኞቻችን አንዱ በእጅ ስልክ መተግበሪያ የሚተዳደር ኩባንያ ነበር። ይህ ኩባንያ አነስ ያለ የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ያለው ሌላ ድርጅት ሊገዛ ተስማማ። ግዢው ከመፈጸሙ በፊት የንግድ ውድድርን ለሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ቀርቦ መጽደቅ ነበረበትና የማሳወቂያ ቅጹን እንዳረቅቅ ለእኔ ተሰጠኝ።

ልቤን የወሰደው የገበያው ትርጉም ነው፤ ይኸውም የትኞቹ አገልግሎቶች እርስ በርስ እንደሚወዳደሩ መወሰን ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው መለኪያ «ሻጩ ዋጋውን ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢጨምር ገዢዎች ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ መተግበሪያዎች ግን ለተጠቃሚው በነጻ የሚሰጡ ናቸው፤ ዜሮ ላይ 10 በመቶ ቢጨመር ያው ዜሮ ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው አስተዋዋቂው ነው፤ ተጠቃሚው የሚሰጠው ጊዜውንና ስለ ራሱ የሚናገረውን መረጃ ነው። ስለዚህ ከዋጋ ይልቅ የጥራት መቀነስን መለኪያ አድርጌ፣ የተጠቃሚውንና የአስተዋዋቂውን ወገን ለያይቼ ጻፍሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የደከምሁበት ክፍል ስለ ነበር እወደው ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዲት አጭር ጥያቄ ነበረች፦ የሁለቱን ድርጅቶች የተጠቃሚ መረጃ ማገናኘት ይቻላል ወይ? ለደንበኛችን የንግድ ሥራ ኃላፊ በኢሜይል ጻፍሁላቸው። «የመረጃ ቋቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ መረጃው አይገናኝም» ብለው በአንድ መስመር መለሱልኝ። እኔም በቅጹ ላይ «የሁለቱ ድርጅቶች የተጠቃሚ መረጃ እርስ በርሱ ሊገናኝ አይችልም» ብዬ አሰፈርሁ። ለሕግ ጽሑፍ የሚስማማ፣ ጠንከር ያለ አገላለጽ መሰለኝ።

ቅጹ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው የማታ ትምህርታችን ስለ ፌስቡክና ዋትስአፕ ሆነ። ፌስቡክ ዋትስአፕን እንደሚገዛ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ዋጋው 19 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን ግዢ የሚመረምረው የአውሮፓ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ግዢውን አጸደቀው። በምርመራው ወቅት ፌስቡክ የሁለቱን አገልግሎቶች የተጠቃሚ መለያዎች በአስተማማኝ መንገድ በራስ ሰር ማዛመድ እንደማይችል ገልጾ ነበር። በነሐሴ 2016 ግን ዋትስአፕ የተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥር ከፌስቡክ መለያቸው ጋር ማገናኘት እንደሚቻል አስታወቀ። ኮሚሽኑ ጉዳዩን መልሶ ሲያየው ቴክኒካዊ ችሎታው በ2014ም እንደ ነበረና የኩባንያው ሠራተኞችም ያውቁት እንደ ነበር ደረሰበት። በግንቦት 2017 የ110 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። የግዢው ፈቃድ አልተሻረም፤ የተቀጣው የተሰጠው መልስ ነው። መምህራችን አንድ ነገር ጨመሩ፦ የኩባንያዎችን ግዢና ውህደት በሚቆጣጠረው የአውሮፓ ደንብ መሠረት አሳሳች መረጃ መስጠት እስከ ዓመታዊ ሽያጭ 1 በመቶ ያስቀጣል፤ ለዚህም ማታለል ማሰብ አያስፈልግም፣ ቸልተኝነት ብቻ ይበቃል።

ያ ቃል ከክፍል እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ማንንም ላታልል አላሰብሁም ነበር። ነገር ግን «አይገናኝም» የተባልሁትን «ሊገናኝ አይችልም» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው የዛሬውን ሁኔታ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ለወደፊቱም ዋስትና ይሰጣል። ዋስትናውን ማንም አልሰጠኝም።

በነጋታው ከደንበኛችን የሶፍትዌር መሐንዲሶች መካከል የሚገዛውን መተግበሪያ የመረመሩትን ሴትዮ ፈልጌ አገኘኋቸው። ረቂቁን አሳየኋቸው። አረፍተ ነገሩን አንብበው ዝም አሉ፤ ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዞሩና ሁለት ሰንጠረዦች ከፈቱ።

«የእነርሱ መተግበሪያ ሰውን የሚለየው በምንድን ነው?» አሉኝ።

«በስልክ ቁጥር።»

«የእኛስ የይለፍ ቃሉ ለጠፋበት ሰው የሚጠይቀው ምንድን ነው?»

መልስ መስጠት አላስፈለገኝም። ዓምዱ ፊቴ ነው፤ ስልክ ቁጥር ይላል።

«ማገናኘት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» አልኋቸው።

«ፕሮግራሙን ለመጻፍ አንድ ከሰዓት። እስከ ዛሬ የሚያገናኘው ሰው ስላልነበረ አልተገናኘም፤ የማይቻል ሆኖ አይደለም። ደግሞ አንተ ይህን የጠየቅኸው የንግድ ክፍሉን ነው፤ እነርሱ ሰንጠረዡን አይተውት አያውቁም።»

ወደ ቢሮ ተመልሼ ለአለቃዬ ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ከሌሎቹ መልሶች ውስጥ የትኞቹን በራሴ ዓይን እንዳረጋገጥሁ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከቁጣው ይህ ይበልጥ ከበደኝ። ደንበኛው ግን በጣም ተናደደ። ግዢው የሚዘጋበት ቀን ተቀጥሯል፤ «ማገናኘት ይቻላል» ብሎ መጻፍ ደግሞ የባለሥልጣኑን ጥያቄ መጋበዝ ነው። የተገናኘ መረጃ በማስታወቂያ ገበያ የኩባንያውን ጉልበት ይጨምራል ወይ የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው ቢመጣም መልስ አይጠፋለትም። በዋትስአፕ ጉዳይ ኮሚሽኑ ይህንኑ መርምሮ፣ ለማስታወቂያ የሚጠቅም ሰፊ የተጠቃሚ መረጃ ከፌስቡክ እጅ ውጭም እንዳለ ተገንዝቦ ነበር። ሊከራከሩበት የሚቻለውን ነገር መደበቅ ለምን ያስፈልጋል? አለቃዬ ይህንኑ ለደንበኛው ሲያስረዱ ከሰዓቱ አለቀ።

አረፍተ ነገሩ ተለወጠ፦ «በአሁኑ ጊዜ የሁለቱ ድርጅቶች የተጠቃሚ መረጃ አልተገናኘም፤ ሆኖም በስልክ ቁጥር አማካይነት ማገናኘት በቴክኒክ ይቻላል።» ቅጹም ዘግይቶ እንዲገባ ተወሰነ።

ከማስገባታችን በፊት አለቃዬ መሐንዲሷን ወደ ስብሰባ ክፍላችን ጋበዟቸውና ቅጹን ከዳር እስከ ዳር አስነበቧቸው። እኔ በስልክ ቁጥሩ ክፍል ላይ ይቆማሉ ብዬ ስጠብቅ አልፈውት ሄዱና ሁለት ሳምንት የደከምሁበት የገበያ ትርጉም ላይ ቆሙ። እርሳሳቸውን «ተጠቃሚዎች በቀላሉ ወደ ሌላ መተግበሪያ መሄድ ይችላሉ» በሚለው መስመር ሥር አሰመሩ።

«የቆዩ መልእክቶቻቸውንና የጓደኞቻቸውን ዝርዝር ይዘው ነው የሚሄዱት?» ብለው ጠየቁኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ያንን ክፍል እንደ አዲስ ለመጻፍ ተቀመጥሁ።